የተወረሰ የንግድ ሕንፃ ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል? ቁልፍ የያዘውን ተከተሉ

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ጥሩ አደረገ። ግን አብዛኛው ፎቶ የሚያሳየው ፊት ለፊቱን ነው፤ በረንዳውን፣ ቅስቱን፣ የተላጠውን ቀለም። እዚያ ቤት ውስጥ ማን ምን ይሸጥ እንደነበር፣ ሱቁ ስንት ጊዜ እንደተከፋፈለ፣ የቀበሌው ሱቅ በየትኛው በር በኩል እንደነበር ፎቶው አይነግረንም። ሕንፃው ከሄደ በኋላ ደግሞ ተከራዩም በየአቅጣጫው ይበተናል። ከዚያ በኋላ ማንን ትጠይቃላችሁ?

ይህን የምጽፈው ገና ቆመው ስላሉት ነው። በደርግ ጊዜ ተወርሰው እስከ ዛሬ ሱቅ ሆነው የዘለቁ ሕንፃዎች አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም አሉ፤ መርካቶ፣ አሮጌው ፒያሳ ከተረፈለት ጥግ ጥጉ፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ዋና መንገድ ላይም እንዲሁ። የአንዱን ታሪክ ለመሰብሰብ የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ደብተር፣ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። የሕንፃ ታሪክ ሲባል ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ማን ሠራው? ባለቤቱ ማን ነበር? ለተወረሰ የንግድ ሕንፃ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይወስድም። በወረቀት ከሄዳችሁ ከ1967 ወዲህ ባለቤቱ አንድ ነው፣ መንግሥት። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ውስጡ ግን በእነዚያ ዓመታት አራት አምስት ሌላ ሌላ ሕይወት ኖሯል። እና ባለቤቱን ሳይሆን ቁልፍ የያዘውን ሰው ተከተሉ። እሱ ምን እንዲሠራ ተፈቀደለት? ምን ተከለከለ? ምን በድብቅ ሠራ? ግድግዳው ላይ የምታዩት ሁሉ የዚህ መልስ ነው።

አዋጆቹን በቅድሚያ እወቁ

አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ይህን ክፍል አትዝለሉት። አዋጆቹን ካላወቃችሁ ሰዎቹ የሚነግሯችሁ ግማሹ አይገባችሁም።

ደርግ ኅብረተሰባዊነትን ያወጀው በታኅሣሥ 1967 ነው። በዚያው ወር ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። በጥር ደግሞ ከ70 በላይ የግል ድርጅቶች ተከተሉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደ። ነጋዴ ራሱ የሚሠራበትን ቤት በፈቃድ ሊያቆይ ይችል ነበር። አከራይቶት የነበረው ግን ትርፍ ቤት ተባለና ተወሰደ። ለቦታው ምንም ካሣ አልተከፈለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለት ፎቅ ያለው፣ ታች አራት ሱቅ፣ ላይ ቢሮና መኖሪያ ያለው ሕንፃ የነበረው ሰው በአንድ ቀን ያለው ነገር አንድ መኖሪያና፣ ከተፈቀደለት፣ ራሱ የሚሠራበት ሱቅ ብቻ ሆነ። አንዳንዱ እዚያው በራሱ ሕንፃ ውስጥ አንዱን ሱቅ ይዞ ቀረ፤ ጎረቤቱ ያለው የቀድሞ ተከራዩ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንግሥት ተከራይ ሆነ። ሁለቱ በአንድ በረንዳ ላይ ለብዙ ዓመት ተያይተው ከርመዋል። ይህ ዓይነቱን ታሪክ ስታገኙ ቀስ ብላችሁ፣ ሁለቱንም ወገን ስሙ።

በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ደግሞ የግል ንግድን ልክ አበጀለት። ለችርቻሮ ካፒታሉ ከ200,000 ብር፣ ለጅምላ ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ተደረገ፤ ለአንድ ሰውም አንድ ፈቃድ ብቻ። ስለዚህ አንድ የተሳካለት ጨርቅ ነጋዴ ጎኑ ያለውን ባዶ ሱቅ ጨምሮ ልስፋ ቢል አይችልም። ሱቆቹ ለዓመታት በዚያው ልካቸው የቆዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሰው ገንዘብ ሲያጣ ብቻ አይደለም ቤቱን ሳይነካው የሚኖረው፣ ገንዘብ እያለውም ማሳየት ሲፈራ ነው።

ከዚያ በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ በግንቦት 1983 መንግሥት ተቀየረ። ብዙ ሰው ኢሕአዴግ ሲገባ ቤቶቹ ለቀድሞ ባለቤቶች ተመለሱ ብሎ ያስባል። በጥቅሉ አልተመለሱም። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 የሚመለከተው ከአዋጆቹ ውጪ፣ ያለ ሕግ የተወሰደን ንብረት ነው። በ47/67 በሥርዓቱ የተወረሰው የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ። ልጅ፣ የልጅ ልጅ «የአባቴ ቤት ነው» ሲላችሁ እውነቱን ነው፤ ተከራዩም «የመንግሥት ቤት ነው» ሲላችሁ እውነቱን ነው። የእናንተ ሥራ መፍረድ አይደለም። ሁለቱንም ጻፉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የዓመት አቆጣጠር። 47/1967 በፈረንጅ አቆጣጠር 47/1975 ተብሎ ይጠቀሳል። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱን ካደባለቃችሁ የሰባት ስምንት ዓመት ክፍተት ይፈጠራል፣ ከዚያ ማን ከማን ቀድሞ ገባ የሚለው ሁሉ ይዛባል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ጻፉ።

የቀበሌ ነው የኪራይ ቤቶች?

ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሁን። ሁሉም ነጋዴ መልሱን ያውቃል፣ ማንንም አያስቀይምም።

ክፍፍሉ የመጣው ከአዋጁ ነው። በወቅቱ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ 100 ብርና ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ቤቶች አንዱ የቀበሌ ሌላው የኪራይ ቤቶች የሆነበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ አንዱ በዚያን ጊዜ 80 ብር ይከራይ ነበር፣ ሌላው 120። በዚያች ትንሽ ልዩነት የተነሣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች ሌላ ሌላ መንገድ ሄዱ። ፋይላቸው በተለያየ ቢሮ ነው ያለው። ጥገናቸውን የሚመለከተው የተለያየ አካል ነው። ኪራያቸው የጨመረውም በተለያየ ጊዜ ነው።

ኪራይ ቤቶች ስሙ ደጋግሞ ተቀይሯል፤ ከ2009 ወዲህ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። ነጋዴው ግን አሁንም «ኪራይ ቤቶች» ነው የሚለው፣ እናንተም ስታናግሩ እንደሱ በሉ። የቀበሌው ደግሞ ዛሬ በወረዳው የቤቶች አስተዳደር ሥር ነው። የቤቱን ፋይል ለማየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲ ወይ ከመሥሪያ ቤት ብታገኙ ይቀላል። ባታገኙም ሥራው አይቆምም፣ ምክንያቱም ትልቁ ማስረጃ ያለው ተከራዩ መሳቢያ ውስጥ ነው። የኪራይ ውል፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ቀበሌ የጻፈው ደብዳቤ፣ ለጥገና የተጠየቀ ማመልከቻ። ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት አይጥልም። ነገ ቢጠየቅ መከራከሪያው ነውና በፌስታል ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ግድግዳው የሚናገረው

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከመብራት ቆጣሪው ነው።

የሕንፃው መግቢያ ወይ ደረጃ ሥር ያለውን የቆጣሪ ግድግዳ ፈልጉ። አንድ አሮጌ፣ ትልቅ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተለሰነ ሣጥን ካያችሁና ዙሪያውን ደግሞ በተለያየ ዘመን የተሰኩ፣ ሽቦአቸው በግድግዳው ላይ የሚሳብ አምስት ስድስት ሌሎች ቆጣሪዎች ካሉ፣ ቤቱ ስንት ቦታ እንደተከፋፈለ ሕንፃው ራሱ ነገራችሁ። ከእያንዳንዱ ቆጣሪ የሚወጣውን ሽቦ በዓይናችሁ ተከተሉት። ወደ የትኛው ክፍል ይገባል? የቱ ከኮርኒሱ በላይ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይወጣል? ይህን በደብተራችሁ ሳሉት። ቆንጆ ሥዕል መሆን የለበትም። ፎቶ ግን ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ቆጣሪ ሲነሳ ነጋዴ ይደነግጣል።

ቀጥሎ ወለሉ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩ ብዙ የንግድ ሕንፃዎች ወለላቸው የእምነ በረድ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተቦክቶ የተወለወለ ነው። እሱ ወለል አይዋሽም። ዛሬ በቺፑድና በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ አንዱ የሞባይል ሱቅ፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አንዱ ቡቲክ የሆነውን ክፍል ወለሉን ብቻ እያያችሁ ብትሄዱ የወለሉ ንድፍ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ዳር ዳሩን የሚዞረው ጥቁር መስመር የት እንደሚታጠፍ እዩ። መስመሩ የታጠፈበት ነው የድሮው ሱቅ ጥግ። ሦስቱ ሱቆች አንድ ትልቅ ሱቅ ነበሩ ማለት ነው። መስመሩ መሀል ላይ ተቆርጦ የሲሚንቶ ጥገና ካለበት ደግሞ እዚያ የቆመና የተነሣ ግድግዳ ነበር።

በሮቹን ቁጠሩ። በብሎኬት የተደፈነ በር ብዙ ጊዜ ልስኑ ከዙሪያው ትንሽ ገባ ወይ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው በደንብ ይለያል። ደፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። እግር የበላው፣ መሀሉ የጎደጎደ የድንጋይ ደፍ ከተደፈነ ግድግዳ ሥር ካያችሁ ለብዙ ዓመት ሕዝብ ይገባበት የነበረ በር ነው።

ከዚያ ወደ ላይ ቀና በሉ። ቆጥ አለ? የድሮ ሱቆች ጣሪያቸው ከፍ ያለ ስለነበር ብዙ ተከራይ ቆጥ ሠርቶበታል፤ ለዕቃ ማስቀመጫ፣ ለልብስ ስፌት፣ አንዳንዴ ለማደሪያ። ቆጥ የሚሠራው ወደ ጎን መስፋት ያልቻለ ሰው ነው። ስለዚህ ቆጡ መቼ ተሠራ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስለ ንግዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕጉም ስለ ኪራዩም ይነግራችኋል። የቆጡን እንጨት እዩ፦ ባሕር ዛፍ ነው? የተላገ ጣውላ ነው? ብረት ነው?

የጣሪያው ነገርም አለ። የተወረሰ ሕንፃ ለምን እንዲህ አረጀ የሚለውን ብዙዎች በተከራዩ ስንፍና ይተረጉሙታል፣ ይህ ልክ አይደለም። ኪራዩ በአዋጁ ተቀነሰ፣ ከዚያም በተለይ በቀበሌዎቹ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ቆየ። ከዚያ ኪራይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ጣሪያ አያድስም። ተከራዩ ደግሞ የኔ ላልሆነ ቤት ለምን ቆርቆሮ ልግዛ ይላል፣ ቢገዛም ፈቃድ ጠይቆ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚያድሰው ከራሱ ጭንቅላት በላይ ያለውን ብቻ ሆነ። ጣሪያው ላይ ሦስት አራት ዓይነት ቆርቆሮ ተቀጣጥሎ ካያችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ተከራይ ነው፤ ድንበሩን ከታች ካሉት ሱቆች ጋር አስተያዩት። ያው ርካሽ ኪራይ ግን ሕንፃውን አቆይቶታልም። አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብም ሥልጣንም ያለው ሰው አልነበረም። በግራም በቀኝም ሕንፃውን የጎዳውና ያተረፈው አንድ ነገር ነው፣ ለኔ የእነዚህ ሕንፃዎች ታሪክ ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

ታፔላ፣ ስልክ ቁጥርና ደረሰኝ

ዘመን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ታፔላ ነው። አዲሱ ታፔላ ሥር ወይ ጎን የድሮው ፊደል ጥላ ይቀራል፤ ከውጭ ምንም ባይታይም ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ንፅፅሩን ጨምራችሁ ብታዩት ፊደሉ ብቅ ይላል። የኮሪደር ልማቱ ባለፈበት መንገድ ዳር ግን ሕንፃዎቹ ቀለም ተቀብተዋል፣ ታፔላም ተቀይሯል። እዚያ ከሆነ የቤቱን ጓሮ እዩ። ጓሮ ማንም አይቀባም።

የስልክ ቁጥር ግሩም ምልክት ነው። በ1998 መጀመሪያ የአገሪቱ ስልክ ቁጥር ተቀይሯል። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ቁጥር ስድስት አሃዝ ነበር፤ ታፔላ ወይ ደረሰኝ ላይ በ51፣ በ12፣ በ15 የሚጀምር ስድስት አሃዝ ብቻ ካያችሁ ከ1998 በፊት የተጻፈ ነው። 011 ካለው ከዚያ ወዲህ። ሞባይልም እንደዚሁ፣ 09 ብሎ በቀጥታ ስድስት አሃዝ የሚከተለው የድሮው ነው።

አድራሻም ይናገራል። «ከፍተኛ» የሚል ካለበት የደርግ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ ያኔ በ25 ከፍተኛ ተከፍላ ነበር። ክፍለ ከተማ ሳይጠራ «ወረዳ» እና «ቀበሌ» ብቻ ካለ ከ1983 በኋላ፣ ከ1995 በፊት ነው። ክፍለ ከተሞች የመጡት በ1995 ነው፣ መጀመሪያ 10፣ በኋላ በ2013 ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11። ደረሰኝ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ካለ ደግሞ ከ1995 ወዲህ ነው። እነዚህን ጥቂት ዓመቶች በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው፣ ቀኑ የጠፋ ወረቀት ሁሉ በእነሱ ይያዛል።

ወረቀት ከሱቁ ውጭም አለ። ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት ከነበረ የድሮ ሰዎችን የቤተሰብ አልበም ጠይቁና የፎቶዎቹን ጀርባ ገልብጡ። ማኅተም አለ። የፎቶ ቤቱ ስም፣ አንዳንዴም አድራሻውና ስልኩ። አንዲት የሠርግ ፎቶ የአንድን ሱቅ ስምና ዘመን ስትሰጣችሁ ደስ ይላል። ልብስ ሰፊ ቤት ከነበረ የኮት ገበር ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ ፈልጉ። ሱቆች ለደንበኛ ያድሉት የነበረ የግድግዳ ካላንደርም አለ።

ለታተመው ነገር ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የድሮ እትሞች አሉ፤ ከአብዮቱ በፊት የነበሩ ሱቆች ማስታወቂያ ያወጡ ነበር፣ ማስታወቂያው ላይ «ከእገሌ ፊት ለፊት» የሚል አቅጣጫ ታገኛላችሁ። ይህ አቅጣጫ ከሕንፃ ቁጥር ይበልጣል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ጥሩ ነው። የድሮ የስልክ ማውጫ ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ገልብጡት፤ ፒያሳ የነበሩት የአርመን፣ የግሪክ፣ የጣሊያን፣ የሕንድና የዓረብ ሱቆች ስማቸው አለበት፣ ከአብዮቱ በኋላ ካለው ማውጫ ጋር ስታስተያዩት ደግሞ ማን እንደጠፋ ይታያችኋል።

ሰው ስታናግሩ

ይህ ከሁሉም ይበልጣል፣ ከሁሉም ደግሞ ይከብዳል።

ነጋዴ ደብተር የያዘ ሰው ሲያይ የሚያስበው ከገቢዎች ነው፣ ከወረዳ ነው ወይ ሊያፈርሱ ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ደብተሩን አታውጡ። ጠዋት ገበያ ሳይሟሟቅ ወይም ከምሳ በኋላ ቀዝቀዝ ሲል ሂዱ። የሆነ ነገር ግዙ። ራሳችሁን በግልጽ አስተዋውቁ፣ ከየት እንደመጣችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት ተናገሩ። በመጀመሪያ ቀን ከአንድ ሁለት ጥያቄ አትለፉ። በሁለተኛው ቀን «ያ ልጅ መጣ» ይባላል፣ ወንበር ይሳብላችኋል።

ሦስት ነገር አትጠይቁ፦ ዛሬ ስንት ኪራይ እንደሚከፍል፣ ለቁልፍ ስንት እንደተከፈለ፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ። ከመንግሥት ተከራይቶ ለሌላ ማከራየት የቆየ ነገር ነው፣ ሰውን ችግር ውስጥ ሊከተው ይችላል። ራሱ ከነገራችሁም ስሙን ከታሪኩ ለዩት። «ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነበረ ጨርቅ ነጋዴ» ማለት ይበቃል።

ዓመት አትጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ገቡ?» ብትሉ ሰው ይገምትና የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል። ይልቅ በታወቀ ነገር ያዙት። «ጋሼ፣ አዋጁ ሲወጣ እርስዎ እዚህ ነበሩ?» «እትዬ፣ የድርቁ ጊዜ ይሄ በር ክፍት ነበር?» ድርቁ 1977 ነው። አሥረኛው የአብዮት በዓል መስከረም 1977። የመንግሥት ለውጡ ግንቦት 1983። ምርጫው 1997፣ ሚሊኒየሙ 2000። በእነዚህ መሀል ካስገባችሁት ይበቃል።

ከዚያ ስለ ዕቃው ጠይቁ። ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ይቆጠባል፣ ስለ ዕቃ ግን ይናገራል። ባንኮኒው የት ነበር? መደርደሪያው ያኔም ይሄ ነው? የቀበሌ ሱቅ የነበረው የትኛው ክፍል ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ በር ይከፍታል፣ ምክንያቱም የቀበሌ ሱቅን ሸጦበት ብቻ ሳይሆን ገዝቶበት የሚያስታውሰው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ አቡጀዲ። ካርድ ይዞ መሰለፍ። ሰልፉ በየት በኩል ይዞር እንደነበር ጠይቁና ሰውየው በእጁ ሲያመለክት ተከትላችሁ እዩ፤ በዚህ በረንዳ ገብቶ፣ በዚያ ዓምድ ዞሮ፣ እዚያ መስኮት ጋ ያልቃል ይላችኋል፣ እናንተም ሄዳችሁ ዓምዱን ስትነኩት ከወገብ በላይ ያለው ልስን ለስልሶ ታገኙት ይሆናል፣ ስንት ትከሻ ተደግፎት።

እናቶችን አትርሱ። ብዙ ጊዜ ታሪክ የሚጠየቀው በር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ የቆሙት ግን በብዛት እናቶችና ልጆች ነበሩ። የትኛው ሻጭ ሚዛን ያጎድል እንደነበር፣ ዕቃ የመጣ ቀን ወሬው በማን በኩል ይደርስ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፎቅ ላይ የኖሩ ቤተሰቦችንም ፈልጉ። ሱቁ ማታ ከተዘጋ በኋላ ያለውን የሕንፃውን ሕይወት የሚያውቁ እነሱ ብቻ ናቸው።

ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ሲነግራችሁ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ስለ ተለያየ በር ወይ ስለ ተለያየ ዓመት ነው። በደብተራችሁ የሳላችሁትን አውጥታችሁ አብራችሁ እዩት።

ሰብስባችሁ ስትጨርሱ

አንድ ወረቀት ላይ የሕንፃውን ታች ወለል ሳሉ። በዚያው ልክ አምስት ቅጂ አድርጉት፦ ከ1967 በፊት፣ የደርግ ዘመን፣ ከ1983 በኋላ፣ ከ1995 በኋላ፣ ዛሬ። በእያንዳንዱ ላይ በሩን፣ ግድግዳውን፣ ቆጡን፣ ማን ምን እንደሚሸጥ አስገቡ። ያላረጋገጣችሁትን በነጠብጣብ መስመር ሳሉት። እነዚህ አምስት ወረቀቶች ከረጅም ጽሑፍ በላይ ይናገራሉ፣ ሱቅ ሲበዛ ሲያንስ፣ በር ሲደፈን ሲከፈት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መርካቶ ውስጥ ከሆነ ስድስተኛም ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ነጋዴዎች በአክሲዮን ተደራጅተው ያንኑ ቦታ ፎቅ የሠሩበት ብዙ ነው። ያኔ ደግሞ የድሮዎቹ ተከራዮች በአዲሱ ፎቅ ውስጥ የት የት እንደደረሳቸው ተከተሉ።

ድምፅ ከቀዳችሁ በዚያው ምሽት በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ፋይሉንም በሰፈሩ፣ በሱቁና በቀኑ ሰይሙት። የተከራይ ወረቀት ስታነሱ እዚያው አንስታችሁ እዚያው መልሱ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ አትውጡ፤ እሱ ለሰውየው መከራከሪያው ነው። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ አስቡት፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ወረቀት ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። የእናንተ ፎቶ ለባለቤቱም መጠባበቂያ ስለሚሆን አትማችሁ ስጡት፣ ይደሰታል።

የሚፈርስ ነው የተባለ ሕንፃ ላይ ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ወመዘክር አይፈርስም፣ እሱ ይቆያችኋል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ተከራይ ስልክ ቁጥር ያዙ፣ የአንድ ቅርብ ዘመድም ጨምሩ። ቀጥሎ ወለሉን፣ ቆጣሪውንና ጓሮውን አንሱ። ወሬው ተከራዮቹ ከተነሡ በኋላም በስልክ ይገኛል።

ጽሑፉንና ሥዕሎቹን ስትጨርሱ ከማንም በፊት ለሱቆቹ ሰዎች ውሰዱላቸው። ታትሞ፣ በትልቅ ፊደል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ያነቡታል፣ «ይሄ በር እዚህ አልነበረም» ብለው በእስክሪብቶ ያርሙታል። የታረመውን ያንኑ ወረቀት ወስዳችሁ አንድ ቅጂ ለወመዘክር፣ አንድ ስድስት ኪሎ ላለው ተቋም ስጡ፤ አዲስ አስተካክላችሁ የጻፋችሁትን ብቻ ሳይሆን እርማቱ ያለበትንም ጭምር።